የት እንዳደገች የጠየቃት አልነበረም

ሚስቴ በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ አምስት ጊዜ «ታይፎይድ አለብሽ» ተብላለች። አምስቱም ጊዜ ውሸት ነበር። ውሸት ያልሁት ሐኪሞቹ ሊያታልሏት ፈልገው ነው ለማለት አይደለም፤ ሳያዩ ስለተናገሩ ነው። በኔ ሙያ ሳያዩ መናገር ሞተር ያቃጥላል። በእነሱ ሙያ ሰው ሊገድል ነበር።

የምጽፈው በእሷ ፈቃድ ነው። ትርንጎ እላታለሁ፤ ስሙን የመረጠችው ራሷ ናት። የጻፍሁትን አንብባ ሁለት ቦታ አስጠፍታኛለች፤ አንድ ቦታ ደግሞ «እዚህ ላይ ለራስህ ነው ያዘንኸው፤ ቀንሰው» ብላኝ ቀንሻለሁ። እኔ መርሳ ላይ የውኃ መሳቢያ ሞተር እጠግናለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም። የተበላሸ ሞተር እየፈታሁ፣ እያንዳንዱን ብሎን ከየት እንዳወጣሁት በደብተር እየጻፍሁ ነው የተማርሁት። ብዙ አልናገርም፤ የያዝሁትን ነገር ግን በዝርዝር እይዛለሁ። ሕመሟንም እንደዚያው ያዝሁት፤ ጥፋቴም የጀመረው እዚያ ነው።

የትርንጎ ወላጆች የሐብሩ ገበሬዎች ነበሩ። መሬቱ አልበቃ ሲላቸው፣ እሷ ገና እቅፍ ላይ ሳለች፣ ወደ አፋር ቆላ ወርደው ጥጥ እርሻ ላይ የቀን ሥራ ያዙ። እሷ ያደገችው እዚያ ነው። ጦርነቱ ሥራውን ሲዘጋው የነበራቸውን ጥለው ተመለሱና ከሌሎች ተፈናቃዮች ጋር መርሳ አጠገብ ተጠለሉ። እኔ የተዋወቅኋት የመጠለያውን የውኃ ሞተር ልጠግን ሄጄ ነው። አጠገቤ ቆማ ድምፁን አዳመጠችና «ይኼ እኮ አየር እየሳበ ነው» አለችኝ። እርሻው ላይ የሞተር ድምፅ ስትሰማ ነው ያደገችው። እውነቷን ነበር፤ የመሳቢያው ጎማ ተሰንጥቆ ነበር። በዓመቱ ተጋባን።

ከሠርጉ በኋላ በመጀመሪያ ያስተዋልሁት ሽንት ቤት ስትገባ የምትቆየውን ጊዜ ነው። ሩብ ሰዓት ትቆያለች፤ አንዳንድ ቀን ከዚያም ይበልጣል። ከዚያ የታችኛው ጀርባዋን ማመም ጀመራት። ትኩሳት መጣ፣ ብርድ ብርድ ማለት መጣ። የወር አበባዋ ሲመጣ አራት ቀን ሙሉ ሆዷን ይዛ ትተኛለች። ቀስ በቀስ ውኃ መጠጣት ተወች። የመርሳ ሙቀት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ይህን ይረዳል፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ እንኳ ብርጭቆውን ወደ ጎን ትገፋው ነበር።

ወደ መጀመሪያው ክሊኒክ ስንሄድ ምልክቶቹን በወረቀት ጻፍሁ። አሥራ አንድ ነበሩ፤ እያንዳንዱ መቼ እንደጀመረና ስንት ቀን እንደቆየ ሳይቀር። የጤና ባለሙያው ወረቀቱን ተቀብሎ ሳቀ።

«አንተ ጸሐፊ ነህ እንዴ?»

«ሞተር ጠጋኝ ነኝ።»

«እሷስ አትናገርም?»

«ታፍራለች» አልሁት።

በኛ አካባቢ ባል ሚስቱን ይዞ ከሄደ ባል ነው የሚናገረው። እሷ ጎን ትቀመጣለች፣ መሬት መሬት ታያለች። ሐኪሙም የሚያየው ባልየውን ነው። ያን ቀን ከትርንጎ አንደበት የወጣው ስሟ ብቻ ነበር። ደም ሰጠች፣ ሽንት ለመስጠት ብዙ ቆየች፣ «ታይፎይድና የሽንት ኢንፌክሽን» ተብሎ መድኃኒት ተጻፈላት። ለሁለት ሳምንት ተሻላት። ከዚያ ተመለሰ።

አሥራ ሁለተኛ መስመር ነበረ፤ እሱን አልጻፍሁትም። ትርንጎ በልጅነቷ ተገርዛ ተሰፍታለች። ይህን ከሠርጉ በፊት ራሷ ነግራኛለች፤ ከሠርጉ በኋላም እንደ ባልና ሚስት በተገናኘን ቁጥር ስቃይዋን አይቻለሁ። አውቄ ነው የተውሁት። ነውር መሰለኝ። የሚስትን ገላ ለሌላ ወንድ በወረቀት ጽፎ መስጠት እንዴት ይሆናል ብዬ አሰብሁ። የአንድ ሞተር ብሎን ቢጎድል የማልተኛ ሰው፣ ዋናውን ነገር ትቼ አሥራ አንዱን አሳምሬ ጻፍሁ። ወረቀቴ ያማረ ስለነበረ ሐኪሞቹ ሁሉ እሱን አነበቡ፤ እሷን ማየት አላስፈለጋቸውም። ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ላይ የምቆጣው በሌሎች ብቻ አይደለም።

ከሦስተኛው «ታይፎይድ» በኋላ ወልድያ ወዳለ የግል ክሊኒክ ወሰድኋት። አልትራሳውንድ አነሷትና «ኩላሊቷ ላይ አሸዋ አለ» ተባልን። ምክሩ ውኃ በብዛት እንድትጠጣ ነበር። እሷ ታዛዥ ናት፤ ጠጣች። የገባው በወጉ ስለማይወጣ ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጠረ፣ ቆማ መሄድ አቃታት። ያን ሳምንት ሳስታውሰው ዛሬም ጥርሴን እነክሳለሁ።

እዚያው ወልድያ ወዳለ ሆስፒታል ላኩን። ተመላላሽ ታካሚ የሚጠብቅበት ቦታ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፣ ሽንት ቤቱ ከውጭ ነው፣ ለሴቶች የሚሠራው አንድ በር ብቻ ነበር። ትርንጎ ገባች። ከበሩ ውጭ ሰባት ሴቶች ተሰለፉ። አምስት ደቂቃ አለፈ፣ አሥር አለፈ። አንዷ በሩን መታች።

«አንቺ፣ ተከራየሽው እንዴ?»

«ተያት፣ ዕቃዋን እያስገባች ነው» አለች ሌላዋ።

ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እኔ አሥር እርምጃ ርቄ የካርድ ወረቀቷን ይዤ ቆሜያለሁ። ትርንጎ ስትወጣ አንገቷን ደፍታ በመሃላቸው አለፈች። አጠገቤ ተቀመጠችና «አልጨረስሁም፤ ሲስቁ እምቢ አለኝ» አለችኝ። እዚያም ያገኘነው ያንኑ «ታይፎይድ» ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ወልድያ ስንሄድ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አትቀምስም ነበር።

ቤተሰቡም መናገር ጀመረ። እናቴ «ይቺን ልጅ ዓይን በልቷት ነው፤ መድኃኒቱን ተውና ጠበል ውሰዳት» አለችኝ። ወሰድኋት። ጠበሉ ላይም ጠጪ አሏት። አክስቴ ደግሞ እሷ በምትሰማበት «ቆላ ያደገች ሴት ደጋ አይስማማትም» አለች። መርሳ ደጋ ሆኖ አያውቅም፤ ግን ማን ይከራከራል።

ነገሩን የለወጠው እርግዝናው ነው። ወሯ ሲቀር አላመንንም ነበር፤ ሲረጋገጥ ደስታዋ ሁለት ቀን ብቻ ቆየ። በሦስተኛው ቀን «በየት ነው የሚወጣው?» ብላ ጠየቀችኝ።  ለቅድመ ወሊድ ክትትል ጤና ጣቢያ ስንሄድ ወረቀቴን አዲስ ገልብጬ ይዤ ነበር። ያገኘናት አዋላጅ ነርስ ጡረታ የደረሰች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ሲስተር አልማዝ እላታለሁ።

«አንተ ውጣ» አለችኝ ገና ሳልቀመጥ።

«ምልክቶቹን ጽፌያለሁ፣ ሲስተር።»

«ጎሽ። ይዘኸው ውጣ።»

ወጣሁ። በሩ በደንብ አይዘጋም ነበርና የመጀመሪያ ጥያቄዋን ሰማሁ። «ካርድሽ መርሳ ይላል፤ የት ነው ያደግሽው?» ትርንጎ ነገረቻት።  ቀጥሎ ሲስተሯ በአፋርኛ አንድ ነገር ተናገረች፤ ትርንጎ ሳቀች፣ ወዲያው አለቀሰች። በኋላ እንደሰማሁት ሲስተር አልማዝ በወጣትነቷ አፋር ውስጥ ለዓመታት አዋልዳለች። ያን ጥያቄ የምትጠይቀው ማንም አዝዟት አይደለም፤ ያየችውን ስላየች ነው።

ቆይታ ጠራችኝና ወረቀቴን ተቀብላ ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

«ጽሕፈትህ ያምራል። ስፌቱ የታለ?»

«አፍሬ ነው።»

«እሷ ሽንቷን መሽናት አቅቷት አንተ አፈርህ።» መነጽሯን አወለቀች። «ታይፎይድ ያሏት ስንት ጊዜ ነው?»

«አምስት።»

«እዚህ አገር ደም ከሰጠህ ታይፎይድ አታጣም።»

ከዚያ አንድም የከበደ ቃል ሳትጠቀም አስረዳችን። ሲሰፉ የተዉት ቀዳዳ የክብሪት እንጨት ያህል ነው። ሽንቱና የወር አበባው ከጠባሳው ኋላ ይጠራቀማል፣ ይመረቅዛል፣ ምርቀዛው ወደ ፊኛ፣ ከፊኛ ወደ ኩላሊት ይወጣል። ትኩሳቱም የጀርባ ሕመሙም ከዚያ ነው። መድኃኒቱ ምርቀዛውን ያስታግሳል፤ በሩ እስካልተከፈተ ግን ተመልሶ ይመጣል። ምጥ ከመምጣቱ በፊት ካልተከፈተ ደግሞ ጠባሳው በምጡ ይቀደዳል፤ እናት ደም ይፈስሳታል፣ ሕፃን ይታፈናል። «ሞተር ጠጋኝ አይደለህ? የተዘጋ ቧንቧ ላይ ግፊት ብትጨምር ምን ይሆናል?» አለችኝ። መልሱን አውቀው ነበር። ከሠርጋችን ጀምሮ ሳውቀው ኖሬያለሁ።

ሪፈር ጽፋ ወደ ወልድያ ላከችን። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ሌላም ቢሆን ኖሮ ያው የሚሆን ይመስለኛል። የተቀበለን ወጣት ሐኪም ጨዋ ሰው ነበር። ሪፈሩን ሁለት ጊዜ አነበበና «እንዲህ ዓይነቱ እዚህ አካባቢ የለም እኮ» አለ።

«ይኸው አለ» አልሁት።

«ማለቴ አይመጣም። እኔ ተምሬዋለሁ እንጂ ሠርቼው አላውቅም። ምጥ ሲመጣ ኑ፣ ያኔ እናየዋለን።»

በሳምንቱ ተመለስን፣ ሐኪሙ ስብሰባ ላይ ነበር። እንደገና ተመለስን፣ «የሚሠራው ሰው የለም» ተባልን። ከመርሳ ወልድያ በሚኒባስ ሩቅ አይደለም፤ ግን ሳትበላ ሳትጠጣ፣ በሲሪንቃ መንገድ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ለምትሄድ ሴት ሩቅ ነው። በሦስተኛው ስንመለስ ትርንጎ በመስኮቱ እያየች «ቢቀርስ? አብረውኝ ያደጉት ሴቶችም እንዲሁ ሆነው ወልደዋል» አለችኝ። ተስፋ ስትቆርጥ የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ከሚኒባሱ ወርጄ በቀጥታ ሲስተር አልማዝ ዘንድ ሄድሁና የሆነውን ነገርኋት።

በማግስቱ አብራን ወልድያ መጣች። ፈቃድ ወስዳ ይሁን ሳትወስድ አልጠየቅኋትም። ወጣቱን ሐኪም ኮሪደር ላይ አቁማ ያለችውን ቃል በቃል አስታውሳለሁ።

«ልጄ፣ እኔ አሳይሃለሁ፣ አንተ ትሠራለህ። እኔ በሚቀጥለው ዓመት ቤቴ ነኝ። የምትቀረው አንተ ነህ።»

ሐኪሙ ፊቱ ቀላ፤ ግን እሺ አለ። ቦታውን ብቻ በመርፌ አደነዘዙት። ከገቡ እስኪወጡ ሠላሳ ደቂቃ አልሞላም። ሰዓቴን ይዤ ነበር። ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የተቃጠለችበት ነገር ሠላሳ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። መደሰት ነበረብኝ። እኔ ግን ግድግዳውን መምታት ነው ያሰኘኝ።

የቁስሉ ሳምንት ቀላል አልነበረም። ለብ ያለ የጨው ውኃ ውስጥ በቀን ሁለት ጊዜ ትቀመጣለች፤ መራመድ ያማታል። በአራተኛው ቀን ከሽንት ቤት ሆና ጠራችኝ። ደም የመጣ መስሎኝ ሮጥሁ።

«ምን ሆንሽ?»

«አለቀ» አለች ከውስጥ።

«ምኑ?»

«ሽንቴ። ጀመረ፣ አለቀ። ደግሞ ይጮሃል። የሰው ሁሉ እንዲህ ይጮሃል?»

«ይጮሃል።»

ሳቋ ጎረቤት ድረስ ተሰማ። ወጥታ አንድ ጆግ ውኃ ቁጭ ብላ ጨረሰች። ከዚያ ወዲህ ትኩሳቱ አልተመለሰም፤ ኩላሊቷ ላይ አሸዋ የሚባለውንም ሁለተኛ ያየው የለም።

ሆዷ ስምንት ወር ሲሞላ ሲስተር አልማዝ አንድ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ እንድናገር ጠየቀችኝ። የዓመቱ የጤና እቅድ ለነዋሪ የሚቀርብበት ነበር። የማን መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልጽፍም። ትርንጎን አስፈቀድሁ፤ «ስሜን አትጥራ እንጂ ተናገር» አለችኝ። እቅዱ ላይ የተፈናቃዮቹ መጠለያ ነበረበት፤ ለወባ አጎበር፣ ለሕፃናት ክትባት፣ ለውኃ ማከሚያ ተብሎ። ተሰፍተው ስላደጉ ሴቶች አንድ መስመር አልነበረም። እጄን አወጣሁና የደረሰብንን ባጭሩ ተናገርሁ። አቅራቢው በትሕትና ነው የመለሰልኝ።

«ወንድሜ፣ እኛ እቅድ የምናወጣው በመረጃ ነው። ስንት ሴቶች ናቸው?»

«አላውቅም። እናንተም አታውቁም።»

«በሪፖርት ካልመጣ እኮ የለም ማለት ነው።»

«ካርዳችሁ የሚጠይቀው ዛሬ የምትኖርበትን ነው። የት እንዳደገች የሚጠይቅ ቦታ የለውም። ካልተጠየቀች በምን ሪፖርት ትመጣለች? ሪፖርት ከሌለ ሐኪም አታሠለጥኑም። ያልሠለጠነ ሐኪም ደግሞ አይጠይቅም።»

ከኋላዬ አንድ ሰውዬ «እሱ የመጤዎቹ ነገር ነው፣ የኛ አገር ጣጣ አይደለም» አለ።

«የርስዎ ሴቶች ልጆች አልተገረዙም?» አልሁት ዞሬ።

ሰው ሳቀ። «የኛማ ትንሽ ጫፍ ብቻ ናት፤ ወግ ነው» አለ እሱም እየሳቀ።

እኔም እንደሱ ሳስብ ነው ያደግሁት። እናቴ ሁለቱን እህቶቼን በተወለዱ በሰባተኛው ቀን አስገርዛለች። ያን ቀን ለገራዧ ወንበር ያቀረብሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ «መጤ» ሲል ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። የትርንጎ እናት ቆላ ስትወርድ ልጅ ማስቆረጥን ከዚያ አልተማረችም፤ ከሐብሩ ይዛው ነው የሄደችው። እዚያ የተጨመረባት ስፌቱ ነው፤ ልጇን የጎረቤት ልጆች «ክፍት» እያሉ እንዳይሰድቡባት። ይህን ሁሉ ተናግሬ ተቀመጥሁ። አቅራቢው «አስተያየቱን ይዘነዋል» አለ። ማስታወሻ ላይ ሲጽፍ ግን አላየሁትም።

ሲስተር አልማዝ የስብሰባውን ውጤት አልጠበቀችም። በክትትል መዝገቧ ዳር ላይ በማስመሪያ አንድ ዓምድ አሰመረች፤ በላዩ «ያደገችበት» ብላ ጻፈች። ከመጠለያው የሚመጡትን ሁሉ፣ ባላቸውን እያስወጣች፣ ትጠይቃለች። የመጀመሪያው ገጽ ሞልቶ ወደ ሁለተኛው አልፏል። ያ ወጣት ሐኪም አሁን ብቻውን ይሠራል። እቅዱ ላይ ግን ዛሬም የለም። ሲስተሯ ጡረታ ስትወጣ ያን መስመር ማን ያሰምራል? ይህን የምታነብ ኃላፊ ከሆንህ፣ የምጠይቅህ ሕንፃ አይደለም። ካርድህ ላይ አንድ ጥያቄ ጨምር፤ መጠለያ ላለበት ጤና ጣቢያ ሁሉ ይህን መክፈት የሚችል አንድ ሰው መድብ። ባል ከሆንህ ደግሞ ከእኔ ተማር፤ ሚስትህ ስትመረመር ከክፍሉ ውጣ። አንቺ ደግሞ ተሰፍተሽ አድገሽ፣ እንደ ትርንጎ ሽንት ቤት ሩብ ሰዓት የምትቆዪ ከሆነ፣ ታይፎይድ አይደለም። የሚከፈት ነገር ነው።

ትርንጎ ወልድያ ወለደች፤ ሴት ልጅ። ሁለቱም ደኅና ነበሩ። አብረዋት የገቡት እናቷ ናቸው፤ እማ ዝናሽ እላቸዋለሁ። እኔ ኮሪደር ላይ ሆኜ የሕፃኗን ድምፅ ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ ወጣቱ ሐኪም በሩን ገርበብ አድርጎ ራሱን ብቅ አደረገ።

«ትንሽ ተቀዷል፣ ልሰፋው ነው። እናትየው እንደ ድሮዋ ሙሉውን ዝጉልኝ እያሉ ነው። ባልየው ምን ትላለህ?»

እማ ዝናሽ ከኋላው ሆነው ያዩኛል። «ላንተው ብዬ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «ነገ አንተው ራስህ ትንቃታለህ። ወንድ አይደለህ?»

«አልንቃትም፣ እማ ዝናሽ። እኔን ደግሞ አትጠይቁኝ» አልሁ። ለሐኪሙ «እሷ እዚያ ተኝታለች፤ እሷን ጠይቃት» አልሁት።

አልጠየቃትም፤ ሳይጠይቃት መለሰች። ድምፏ ደክሟል፤ ከበሩ ውጭ ግን ይሰማል።

«እማ፣ ያኔ ሲሰፉኝ እጄን የያዝሽው አንቺ ነሽ።»

እማ ዝናሽ ወደ አልጋው ዞሩ።

«አሁንም ነይ ያዥኝ። ግን የተቀደደውን ብቻ ነው የሚሰፋው። ልጄን ደግሞ ማንም አይነካብኝም።»

 እማ ዝናሽ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። ከዚያ ሄደው እጇን ያዙ። ሐኪሙ ሁለት መርፌ ብቻ ሰፍቶ ክሩን እስኪቆርጥ ድረስ አልለቀቋትም።